ምዕራፍ 6፦ ብሩ መቼ ይመለሳል?

ዘጠነኛ ክፍልን የጨረስኩ ዓመት፣ ትምህርት ቤት በተዘጋ በሳምንቱ፣ 80 ብር ይዤ መርካቶ ወረድኩ። ዓመቱን ሙሉ ሳንቲም በሳንቲም ያጠራቀምኩት ነው። የወንድ ካልሲ፣ ማበጠሪያ፣ የኪስ መስታወት፣ መርፌ ቁልፍና የጥፍር መቁረጫ ገዛሁበት። ካርቶን ላይ ደርድሬ፣ በገመድ አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ሱቅ በደረቴ ሆንኩ። ዋጋውን አስቤበታለሁ፤ በ1 ብር የገዛሁትን መስታወት በ1 ብር ከ50 እሸጣለሁ፣ በ2 ብር የገዛሁትን ካልሲ በ3። እያንዳንዱ ብር ግማሽ ብር ይወልዳል ማለት ነው። በደብተሬ ጀርባ ላይ ሳሰላው ክረምቱ ሲያልቅ ለእኔ ጫማ፣ ለእህቴ ደብተር የሚተርፍ ይመስለኝ ነበር።

ነሐሴ ሲጋመስ ከዕቃው ገሚሱ ገና ካርቶኑ ላይ ነበር። የተሸጠው ገሚስ ያመጣው ብር ደግሞ በሻይ፣ በአምባሻ፣ በታክሲ እየተሸራረፈ አልቋል።

በሰፈራችን መግቢያ ላይ ጉሊት የሚቸረችሩ ጎረቤት ነበሩን። ቲማቲም፣ ሽንኩርት፣ ቃሪያና ድንች በመደብ በመደብ እየደረደሩ አራት ልጆች ያሳደጉ ሴት ናቸው። ጆንያ ላይ የሚዘረጉት ሁሉ ቢደመር ከእኔ ካርቶን ዋጋ አይበልጥም። አንድ ማታ አጠገባቸው ተቀምጬ ከእያንዳንዱ ዕቃ ምን ያህል እንደማተርፍ ስዘረዝር ዝም ብለው ሰሙኝና፣ «ልጄ፣ ስንት ታተርፍበታለህ አላልኩህም። ብሩ መቼ ይመለሳል ነው ያልኩህ» አሉኝ።

ይህንኑ ጥያቄ ከዓመታት በኋላ በሒሳብ አያያዝ መማሪያ መጽሐፍ ውስጥ ከበድ ያለ ስም ለብሶ አገኘሁት። ባለሙያዎቹ «የሥራ ማስኬጃ ገንዘብ የዝውውር ፍጥነት» ይሉታል። በዚህ ምዕራፍ በአጭሩ «ዙር» እለዋለሁ። ብር ከእጃችን ወጥቶ ዕቃ ይሆናል፤ ዕቃው ይሸጥና ተመልሶ ብር ሆኖ ይገባል። ያ አንድ ዙር ነው። ክረምቱን ሥራ ሊፈልግ ወይም መንገድ ዳር ትንሽ ነገር ሊሸጥ ለሚያስብ ወጣት፣ ከዚህ መጽሐፍ አንድ ሐሳብ ብቻ ይዞ ይሂድ ብባል ይህን አስይዘው ነበር።

ትንሽ ጀሪካን፣ ቅርብ ቦኖ

ውሃ ከቦኖ ቀድቶ የሚያውቅ ሰው ዙርን ያውቀዋል። ቤት ውስጥ አንድ በርሜል መሞላት አለበት እንበል። አንዱ ልጅ ባለ 25 ሊትር ጀሪካን አለው፤ የሚቀዳበት ቦኖ ግን ሩቅ ነው፣ ሰልፉም ረጅም ነው፤ በቀን አንዴ ብቻ ይመላለሳል። ሌላው ያለችው ባለ 5 ሊትር ናት፤ ቦኖው ግን ደጃፉ ላይ ነው፤ አሥር ጊዜ ይመላለሳል። ማታ የመጀመሪያው 25 ሊትር፣ ሁለተኛው 50 ሊትር ገልብጧል። ጀሪካኑን ብቻ ያየ ሰው የመጀመሪያው ልጅ የተሻለ ይመስለዋል።

ጀሪካኑ መነሻ ገንዘባችን ነው። መንገዱ ዕቃው ተገዝቶ እስኪሸጥ የሚፈጀው ጊዜ ነው። በርሜሉ ውስጥ የሚጠራቀመው ውሃ ደግሞ ትርፋችን። ሰዎች ስለ ንግድ ሲያወሩ አብዛኛውን ጊዜ የሚያወሩት ስለ ጀሪካኑ ነው፤ «መነሻ የለኝም» ይላሉ። ወይም አንዴ ሲቀዳ ስለሚገኘው ውሃ ያወራሉ፤ «ጥሩ ትርፍ አለው» ይላሉ። የመንገዱን ርዝመት የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ጎረቤታችን የጠየቁኝ እሱን ነበር። እሳቸው ንጋት ላይ የገዙት ቲማቲም ማታ ብር ሆኖ መቀነታቸው ውስጥ ይገባል። የእኔ ካልሲ ከሐምሌ ጀምሮ መንገድ ላይ ነው።

ሁለት ልጆች፣ አምስት ሳምንት

ሐሳቡን በቁጥር እንየው። ዋጋዎቹን ለስሌት እንዲመቹ ስለመረጥኳቸው ገበያ ስትወጡ የዕለቱን ዋጋ ተኩባቸው።

አንዱ ልጅ 3,500 ብር አለው። አሥር ቀበቶ እያንዳንዱን በ350 ገዝቶ በ500 ይሸጣል። ከአንድ ቀበቶ 150 ብር ያተርፋል፤ ከመቶ 43 ገደማ ነው፤ የሚያስቀና ትርፍ ነው። በሳምንት ሁለት ሁለት ስለሚሸጥ አሥሩ በአምስት ሳምንት ያልቃሉ። ትርፉ 1,500 ብር ሆነ።

ሁለተኛው 700 ብር ብቻ አለው። በየጠዋቱ 40 እሸት በቆሎ በ15 ብር ሒሳብ በ600 ብር፣ ከሰል ደግሞ በ100 ብር ይገዛል። አንዱን ጥብስ በ25 ብር ይሸጣል። አራቱ ያርሩበታል ወይም ያድሩበታል እንበል፤ 36ቱን ሲሸጥ 900 ብር ያገኛል። የቀን ትርፉ 200 ብር ነው፤ ከመቶ 29 አይሞላም። ከቀበቶው ያነሰ ነው። ነገር ግን ያቺው 700 ብር ማታ ተመልሳለች፤ ነገ ጠዋት እንደገና ትወጣለች። በሳምንት አምስት ቀን ቢሠራ በአምስቱ ሳምንት 25 ጊዜ ትዞራለች። ትርፉ 5,000 ብር ደረሰ።

የቀበቶው ልጅ እያንዳንዱ ብሩ በአምስት ሳምንት ውስጥ 43 ሳንቲም አመጣለት። የበቆሎው ልጅ እያንዳንዱ ብሩ ከ7 ብር በላይ አመጣለት። ልዩነቱ ከጉብዝና ወይም ከዕድል የመጣ አይደለም፤ አንዱ ብር አንዴ ዞረ፣ ሌላው 25 ጊዜ።

አንባቢ እዚህ ላይ መጽሐፉን ዘግቶ ከሰል ሊገዛ እንዳይነሳ አንድ ነገር ልጨምር፤ ሒሳቡ ገና አላለቀም።

ትርፍ ወይስ ደመወዝ?

በምዕራፍ 4 ስላልመረጥነው መንገድ ዋጋ አይተን ነበር፤ አንዱን ስንሠራ ያስቀረነው ሌላ ሥራም ወጪ ነው ብለናል። የበቆሎው ልጅ ንጋት ላይ ወጥቶ፣ ተሸክሞ፣ ከሰል አራግቦ፣ ጭስ ጠጥቶ ማታ ይገባል። በቀን 9 ሰዓት ብንልለት በ25 ቀን 225 ሰዓት ሠርቷል። 5,000 ብሩን ለሰዓቱ ብናካፍለው በሰዓት 22 ብር ይደርሰዋል። የቀበቶው ልጅ ከሰዓት በኋላ ብቻ፣ በቀን 3 ሰዓት፣ ቀበቶውን ክንዱ ላይ አንጠልጥሎ ይዞራል። በ25 ቀን 75 ሰዓት ነው። 1,500ው ለ75 ሲካፈል በሰዓት 20 ብር።

ሁለቱ ልጆች በሰዓት የሚያገኙት እኩል ሊሆን ምንም አልቀረው! መንገድ ዳር «ትርፍ» የምንለው ነገር አብዛኛው የሻጩ የራሱ የጉልበት ዋጋ ነው። ከፋይ አሠሪ ስለሌለ ደመወዝ አይባልም እንጂ ደመወዝ ነው። ፈጣን ዙር የሚያደርገው ነገር ቢኖር ትንሽ ገንዘብ ያለው ሰው ቀኑን ሙሉ ለራሱ ተቀጥሮ እንዲውል ማስቻል ነው። በ700 ብር ቀበቶ የሚሸጥ ልጅ ሁለት ቀበቶ ይዞ ሳምንቱን ይፈጃል፤ ጉልበት እያለው ሥራ አጥ ይሆናል። በተቃራኒው ከሰዓት በፊት የማጠናከሪያ ትምህርት ያለው፣ ገንዘብ ያለውና ጊዜ የሌለው ልጅ ቀበቶውን ቢመርጥ ልክ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ የሚጠየቀው «የቸገረኝ ብር ነው ወይስ ጊዜ?» የሚለው ነው። ሌሎቹን የክረምት ሥራዎችም በዚሁ ሚዛን መመዘን ይቻላል። የግንባታ የቀን ሥራ ጀሪካን አይጠይቅም፤ የቀን ክፍያው ከበቆሎው 200 ብር ከበለጠና ጉልበቱ ካለ፣ በቆሎ ጠባሹ ገንዘቡን አስይዞ አነስ ባለ ደመወዝ እየሠራ ነው ማለት ነው። የሰፈር ሕፃናትን ማስጠናትም መነሻ አይፈልግም። ለአስጠኚ የሚከፈለው ብዙ ጊዜ ወር ሲሞላ ስለሆነ ዙሩ ረጅም ነው፤ የሚወጣ ገንዘብ ስለሌለበት ግን የሚጎዳ አይደለም። ሒሳብ ወይም እንግሊዝኛ ጎበዝ የሆነ ልጅ ከሁሉ አስቀድሞ ይህን በር ቢያንኳኳ ደስ ይለኛል፤ ሲያስተምር ራሱም ይማራል።

ለወላጆች አንድ ነገር ልንገራችሁ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ከ15 ዓመት በታች የሆነ ልጅ መቀጠር አይችልም። ከ15 እስከ 18 ዓመት ያለው ደግሞ በቀን ከ7 ሰዓት በላይ እንዲሁም ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ሊሠራ አይገባውም። ሕጉ የሚናገረው ስለ ተቀጣሪ ነው፤ ለራሱ የሚሸጠውን ልጅ የሚጠብቅለት ሰዓት ቆጣሪ የለም። እሱን መቁጠር የእናንተ ፋንታ ነው።

የሚሞት ዕቃ፣ የሚቆም ዕቃ

ፈጣን ዙር አንድ አደጋ አለው። በአንድ ቀን የሚሸጥ ነገር አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ቀን የሚበላሽም ነው። ቲማቲም ይፈርጣል፣ በቆሎ ይደርቃል፣ ቅቅል ድንች ያድርና ይሻግታል። እነዚህን የሚሞቱ ዕቃዎች እላቸዋለሁ። ካልሲና ቀበቶ አይሞቱም፤ ግን ይቆማሉ። የሚሞት ዕቃ ነጋዴውን በኪሳራ ያስፈራራዋል፤ የሚቆም ዕቃ ደግሞ ያዘናጋዋል። ካልሲዬ ካርቶኑ ላይ እስካለ ድረስ የከሰርኩ አይመስለኝም ነበር፤ ዕቃው አለ፣ ዋጋውም አለ። በየቀኑ የሚሞተው ዙሩ ነበር፤ እሱ ደግሞ ሽታ የለውም።

የጉሊት ሴቶች የሚሞተውን ዕቃ የሚያስተዳድሩበት ጥበብ ትምህርት ቤት ሊሰጥ የሚገባው ነው። ከመሸ በኋላ ቲማቲም የገዛ ሰው ያውቀዋል። የመደቡ ዋጋ ጠዋት ከተባለው ብዙም ፈቀቅ አይልም፤ መደቡ ግን ይወፍራል። ጠዋት አምስት ፍሬ የነበረው ሰባት ይሆናል፣ «መርቂልኝ» ላለች ሁለት ይመረቅላታል። እንዲህ ሲሆን የቀኑ ደንበኛ ዋጋ ረከሰ ብሎ አይቀየምም፣ ነገም ያንኑ ዋጋ ለመጠየቅ አያሳፍርም፣ ዕቃውም ሳይሞት ብር ሆኖ ይገባል። ጎረቤታችን አንድ መደብ በገዙበት ዋጋ ወይም ከዚያ በታች ሲሸጡ አይቼ፣ «እትዬ፣ እየከሰሩ እኮ ነው» ብያቸው አውቃለሁ። የወጣው ወጥቷል፣ አሁን የሚታሰበው ነገ ጠዋት ምን ይዤ እንደምወጣ ነው አሉኝ። የኢኮኖሚክስ ተማሪ የፈሰሰ ወጪ የሚለውን ሐሳብ ለመቀበል አንድ መንፈቅ ይፈጅበታል። ያወጣነው ገንዘብ፣ ዕቃውን ይዘን ብንቆይም ብንለቀውም፣ አይመለስም፤ ውሳኔያችንን ሊወስን የሚገባው ከዚህ በኋላ የሚመጣው ብቻ ነው።

ክረምት ደግሞ ዕቃን በቀን መቁጠሪያ የሚገድል ወቅት ነው። ከነሐሴ 1 ጀምሮ እስከ ፍልሰታ በዓል ምእመናን ከሥጋ፣ ከወተትና ከእንቁላል ስለሚርቁ ቅቅል እንቁላል የሚሸጥ ልጅ ዙሩ ይንቀራፈፋል፤ ቅቅል ድንች በአዋዜ የሚሸጠው ይፈጥናል። ጅራፍ ነሐሴ 13 ቀን ለቡሄ ይፈለጋል፤ በማግስቱ ገመድ ብቻ ነው። የነሐሴ መጨረሻና ጳጉሜን የደብተርና የእስክሪብቶ ናቸው። ለእንቁጣጣሽ ዋዜማ ቄጤማና አደይ አበባ ይወጣል፤ መስከረም 2 ማንም አይጠይቀውም። ጃንጥላ በሐምሌ ይሮጣል፤ መስከረም ሲጠባ እስከ ቀጣዩ ዝናብ ቁጭ ይላል።

ይህን የሚያውቅ ሰው «የቱ ዕቃ ያዋጣል?» ብሎ አይጠይቅም፤ «የቱ ዕቃ በየትኛው ሳምንት ቶሎ ይመለሳል?» ይላል። ብሩም ከአንዱ ወደ ሌላው ይሸጋገራል፤ በሐምሌ ጃንጥላ የነበረው በነሐሴ ድንች፣ በጳጉሜን ደብተር ይሆናል። በእያንዳንዱ ላይ ዋናው ሕግ ከቀኑ አንድ እርምጃ ቀድሞ መውጣት ነው። የቡሄ ጅራፍ በቡሄ ዕለት ጠዋት አምስት ከቀረ፣ አምስቱን በተገኘው ዋጋ መልቀቅ ነው።

የሚያፈስ ጀሪካን

ሦስት ቀዳዳዎችን ልንገራችሁ። አንደኛው ከሁሉም የከፋ ስለሆነ እሱ ላይ እቆያለሁ።

የበቆሎው ልጅ ማታ 900 ብር ኪሱ ውስጥ አለ። ያ ገንዘብ አንድ ዓይነት ይመስላል፤ ወረቀቱ አንድ፣ ኪሱ አንድ። በውስጡ ግን ሁለት የተለያዩ ነገሮች አሉ፤ 700ው ጀሪካኑ ነው፣ 200ው ውሃው። ልጁ ርቦታል፣ ጓደኞቹ ጠርተውታል፣ እናቱም ዘይት አልቆባታል። 300 ብር ቢያወጣ ከ900 ላይ ገና 600 አለኝ ይላል። በርግጥም አለው። ግን 100 ብር ያህል ጀሪካኑን ራሱን ቆርጦ በልቷል፤ ነገ የሚቀዳው በትንሽ ጀሪካን ነው። ትርፉም ያንሳል፣ ረሃቡ ግን አያንስም። ስለዚህ ነገ ደግሞ ትንሽ ጨምሮ ይቆርጣል። በሁለት ሳምንት ውስጥ «ንግድ አልሆነልኝም» ብሎ ቤቱ ይቀመጣል። ንግዱ ግን ሆኖለት ነበር፤ በየቀኑ አትርፏል። ዋናውን በላው እንጂ አልከሰረም። የእኔም ታሪክ ይኸው ነው፤ ከካልሲው የመጣውን ብር ትርፍ ነው ብዬ ስበላ የበላሁት አብዛኛው ዋናዬን ነበር።

ጎረቤታችን ይህን የሚከላከሉት በመቀነታቸው ነው። ማታ ሲገቡ ከምንም ነገር በፊት ለነገ የሚያስፈልገውን ይቆጥሩና በአንደኛው ጫፍ ቋጥረው ያስሩታል። የዕቁቡን በሌላ ቋጠሮ። የተረፈው ብቻ ነው ለቤት የሚውለው፤ የተረፈ ከሌለ ሽሮው ቀጠን ይላል እንጂ ቋጠሮው አይፈታም። በምዕራፍ 2 ዕቁብን ስናይ፣ ሰው ገንዘቡን ከራሱ እጅ ለማስጣል የሌሎችን ዓይን ይፈልጋል ብለን ነበር። የመቀነቱ ቋጠሮም ያው ነው። ዛሬ ቴሌብር ያለው ልጅ ማታ 700ውን ስልኩ ውስጥ አስገብቶ 200ውን ብቻ በእጁ ሊያስቀር ይችላል። ዋናው ነገር ሁለቱ ገንዘቦች አንድ ኪስ ውስጥ አለማደራቸው ነው።

ሁለተኛው ቀዳዳ ዱቤ ነው። የሰፈር ሰው «ሳምንት እሰጥሃለሁ» ብሎ አራት በቆሎ ቢወስድ 100 ብር ሄደ። ሰውየው ታማኝ ነው፣ ይከፍላል። ነገር ግን ያቺ 100 ብር እጅ ላይ ብትኖር በየቀኑ ወጥታ 28 ብር ገደማ ይዛ ትገባ ነበር። የመነሻ ገንዘብ በጠበበበት ሰው ላይ የዱቤ ዋጋ ይህ ነው። ሀብታም ነጋዴ ዱቤ ይችላል፤ ባለ 700 ብሩ ግን አይችልም። ይህን በትሕትና መናገርም ራሱን የቻለ ሙያ ነው።

ሦስተኛው ጀሪካኑን ከነውሃው የሚወስድ ነው። ቦታ ሳይጠይቁ መንገድ ላይ የዘረጉት ዕቃ በደንብ አስከባሪ ሊወረስ ይችላል። ሯጭ ነጋዴዎች ሸራቸውን በአራቱ ጫፍ ገመድ አስረው የሚዘረጉት፣ ዕቃቸውንም በጥቂት በጥቂቱ የሚያወጡት በዚህ ምክንያት ነው። በሩጫ የሚገኝ ዙር ለልቤ አይመቸኝም። አንድ ልጅ በሐምሌ መጀመሪያ ወደ ወረዳው ሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት ሄዶ በየት ቦታ፣ በምን መልኩ መሸጥ እንደሚቻል ቢጠይቅ የሚያጣው አንድ ጠዋት ነው። አንድ ውርስ ግን የ25 ቀን ጭስ ይወስዳል።

የተከራዩት ጀሪካን

ዙር ፈጣን ሲሆን የሚመጣ ሌላ ፈተና አለ፤ ብድርን ቀላል አስመስሎ ያሳያል። በህንድ ቼናይ ከተማ አትክልትና ፍራፍሬ የሚቸረችሩ ሴቶችን ዲን ካርላንና ሰንዲል ሙላይናታን የተባሉ ኢኮኖሚስቶች አጥንተዋቸዋል። ብዙዎቹ ጠዋት ከአራጣ አበዳሪ 1,000 ሩፒ ያህል ይበደራሉ፣ ፍራፍሬ ይገዛሉ፣ ይሸጣሉ፣ ማታ ከነወለዱ ይመልሳሉ። ወለዱ በአማካይ በቀን ወደ 4.7 በመቶ ነበር። በወር ሳይሆን በቀን! ሴቶቹ ይህን እየከፈሉም ኑሯቸውን ይገፉ ነበር፤ ምክንያቱም ብሩ በአንድ ቀን ይመለሳል፣ የሚያመጣውም ትርፍ ከወለዱ ይበልጣል።

አሁን እኔ በራሴ ላስላው። ከእነዚህ ሴቶች አንዷ በየቀኑ 10 ሩፒ ብቻ ብታስቀርና በማግስቱ ያን ያህል ቀንሳ ብትበደር፣ የቀነሰላትንም ወለድ አብራ ብታስቀምጥ፣ ከአበዳሪው የምትላቀቀው በስንት ቀን ነው? 10 ሩፒ በ10 ሩፒ ለ1,000 መቶ ቀን ይፈጃል ብለን እንገምታለን። የሚፈጀው ግን ወደ 38 ቀን ነው። እያንዳንዷ የቀረች 10 ሩፒ በማግስቱ የማትከፍለውን ወለድ ይዛ ስለምትመጣ፣ የዙሩ ፍጥነት ከአበዳሪው ወገን ተነስቶ ከእሷ ወገን ይሰለፋል።

ታዲያ ለምን አያደርጉትም? ተመራማሪዎቹ የአንዳንዶቹን ዕዳ ሙሉ በሙሉ ከፍለውላቸው ሁሉ ነበር፤ ብዙዎቹ ተመልሰው ዕዳ ውስጥ ገቡ። ለምን እንደሆነ ማንም በአንድ ቃል ሊመልሰው አይችልም። ልጅ ይታመማል፣ ለቅሶ ይመጣል፣ ዝናብ ገበያውን ይበትነዋል። እኔ ስንፍና ነው የሚል መልስ አልቀበልም። በመቀነት የታሰረን ቋጠሮ የሕፃን ትኩሳት ሲፈታው አይቻለሁ።

በባንግላዴሽም ሙሐመድ ዩኑስ እ.ኤ.አ. በ1976 ጆብራ በምትባል መንደር ያየው ይህንኑ የተከራዩት ጀሪካን ነው። የቀርከሃ በርጩማ የሚሠሩ ሴቶች ቀርከሃውን የሚያገኙት ከነጋዴ በዱቤ ነበር፤ በምላሹ በርጩማውን ለዚያው ነጋዴ እሱ በቆረጠው ዋጋ ይሸጡለታል። ጥበቡ የእነሱ፣ ጉልበቱ የእነሱ፣ ጀሪካኑ ግን የሌላ ሰው ስለሆነ ትርፉ ወደ ባለ ጀሪካኑ ይፈሳል። በዚያች መንደር 42 ሰዎችን ነፃ ለማውጣት የሚያስፈልገው ገንዘብ ተደምሮ 27 ዶላር ሆኖ ተገኘና ዩኑስ ከኪሱ አበደራቸው። ከዚያ ተነስቶ ያቋቋመው ግራሚን ባንክ ከእሱ ጋር እ.ኤ.አ. በ2006 የኖቤል የሰላም ሽልማት አግኝቷል። እኛም ዘንድ «ሸጠህ አምጣ» ብሎ ዕቃ የሚሰጥ አከፋፋይ አለ። መጀመሪያ ላይ ምንም ለሌለው ልጅ መልካም በር ነው፤ ነገር ግን ልጁ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ለራሱ ጀሪካን ትንሽ ትንሽ ካላስቀረ በሩ ግድግዳ ይሆንበታል።

በርሜሉ ሲሞላ

የበቆሎው ልጅ ትርፉን በሙሉ መልሶ ቢያስገባው ገንዘቡ በየቀኑ እያደገ ክረምቱ ሲያልቅ ሀብታም አይሆንም? ወረቀት ላይ ይሆናል። ጎዳናው ላይ ግን በዚያ ጥግ በቀን የሚያልፍ ሰው ቁጥሩ ይታወቃል። 40 የሚሸጥበት ቦታ 80 ቢወጣ ሁለተኛው 40 አብዛኛው ያድራል። በርሜሉ ከሞላ በኋላ ውሃ መቅዳት ወለሉን ማጠብ ነው። ትርፍ አንድ ልክ ሲደርስ ከዚያ ሥራ መውጣት አለበት፤ ወይ ወደ ሌላ ጥግ፣ ወይ ወደ ሌላ ዕቃ፣ ወይ ወደ ጫማና ደብተር። የጎረቤታችንም ትርፍ ወደ ዕቁብ ይሄድ የነበረው ጉሊቱ ከዚያ በላይ ብር መብላት ስለማይችል ነው።

እኔ ከዚያ የራቅኩ ነበርኩ። በዚያ ማታ ንግግራችን መጨረሻ ላይ ካልሲዬን በገዛሁበት ዋጋ እንድለቅ ነገሩኝ። ተናድጄ ነበር። በሦስት ቀን ውስጥ ግን መስታወቱም ማበጠሪያውም አለቀ፤ 31 ብር ሆነ። በማግስቱ ገና ሳይነጋ ተከትያቸው አትክልት ተራ ወረድኩ፤ ያኔ ፒያሳ ነበር፣ በ2012 በኮሮናው ምክንያት ወደ ጃን ሜዳ ሳይዛወር በፊት ማለቴ ነው። ድንች ገዛሁ። እናቴ ቀቀለችልኝ፣ አዋዜውንም እሷ በጠበጠችው። ከሰዓት በኋላ የሚዘንበው ዝናብ ሲያባራ ትኩስ ድንች የማይገዛ ልጅ አልነበረም።

ማታ ማታ ብሩን የምቆጥረው እሳቸው ፊት ነበር። 31 ብሩን በላስቲክ ጠቅልለው በመቀነታቸው ጫፍ፣ ከራሳቸው ለይተው ይቋጥሩልኛል፤ ንጋት ላይ ፈትተው ይሰጡኛል። የተረፈውን ለእናቴ እወስዳለሁ። አንዳንድ ቀን የሚተርፈው ትንሽ ነው፤ ሁለት ቀን ምንም አልተረፈኝም። ጳጉሜን ላይ ጫማ አልገዛሁም፣ የእህቴ ደብተር ግን ተገዝቷል።

የእንቁጣጣሽ ዋዜማ ማታ መቀነታቸውን ፈትተው 31 ብሩን መዳፌ ላይ አደረጉልኝ። አንዲት ሳንቲም አልጎደለችም። ከሳምንታት በኋላ ትምህርት ቤት ስለሚከፈት ድንቹ ማብቃቱ ነው። ብሩን ጨብጬ ልሄድ ስል እጄን ያዙኝ።

«ሳጥን ውስጥ ልትከተው ነው?» አሉኝ። «እስከ ከርሞ ሐምሌ እኔ ላዙርልህ?»